ቀስቱ ወዴት ያመለክታል? በሽቱትጋርት ከተማ የአንድ ቀን ጉዞ

አንባቢ ሆይ፤ ከፍራንክፉርት ተነሥተህ በፈጣኑ ባቡር ወደ ደቡብ ብትጓዝ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ሽቱትጋርት ትደርሳለህ። የጀርመን ኦቶሞቢል መፍለቂያ ይህች ናት ሲባል ስለ ሰማህ፣ ከባቡሩ ወርደህ ቀና ስትል የጢስ ማውጫና የፋብሪካ ጣራ የምታይ ይመስልሃል። የምታየው ግን ኮረብታ ነው። ከተማዪቱ እንደ ገበቴ በጎደጎደ ስፍራ ተቀምጣ ዙሪያዋን ኮረብቶች ከበዋታል፤ በኮረብቶቹም ወገብ ላይ የወይን ተክል በመስመር በመስመር ተተክሏል፤ አንዳንዱ የወይን ቦታ ከባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስ ነው። ከሸለቆው ወደ ኮረብታው ቤቶች የሚያወጡት የደረጃ መንገዶች ቍጥራቸው ከ400 ይበልጣል። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው አይደነግጥባቸውም፤ ሆኖም ለጉልበትህ ብታዝንለት ወደ ዴገርሎኽ የሚወጣ፣ ከ1884 ጀምሮ የሚሠራ ባለጥርስ ባቡር አለልህ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ዕወቅልኝ።

የከተማዪቱ ስም ትርጕሙ «የባዝራዎች ግቢ» ማለት ነው። በዐሥረኛው መቶ ዓመት በዚህ ሸለቆ ፈረስ ይረባ ስለ ነበር ስሙ በዚያው ጸና፤ እስከ ዛሬም የከተማዪቱ ዓርማ በወርቃማ መደብ ላይ ያለ ጥቁር ፈረስ ነው። ፖርሸ የተባለው የኦቶሞቢል ፋብሪካ በ1952 ዓርማውን ሲያወጣ ይህንኑ ፈረስ ከመካከሉ አስቀመጠው። ስለዚህ መንገድ ላይ አንድ ፖርሸ ቢያልፍህ አፍንጫው ላይ ያለው ፈረስ ለጌጥ ብቻ የተሳለ እንዳይመስልህ፤ የትውልድ ከተማው ማኅተም ነው።

ስለ ሽቱትጋርት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤተ መንግሥቷ፣ ስለ ቴአትሯና በ1956 ስለ ቆመው የቴሌቪዥን ማማዋ ይጽፋሉ። እኔ ግን በሌላ መንገድ ልወስድህ አስቤአለሁ። አንዲት ትንሽ ምልክት ተከትለን ከተማዪቱን እናቋርጣለን። ምልክቲቱ በፒስተን ራስ ላይ የምትቀረጸው ቀስት ናት። ሞተር ሲፈታ ያየህ እንደ ሆነ አስተውለሃት ይሆናል፤ አንዳንዱ ፋብሪካ በቀስት ፈንታ ነጥብ ወይም ትንሽ ክርክር ያደርጋል። ባለ ጋራዡ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ወስዶ የፒስተኑን ጥላሸት ሲጠርግ ብቅ ትላለች። ቀስቲቱ ወዴት እንደምታመለክት የማያውቅ ሰው ሞተሩን መልሶ ቢገጥመው፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት፣ ወይ ሲያንኳኳ የሚኖር መኪና ያገኛል፣ ወይም በመጀመሪያው ቀን የተሰበረ። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ሽቱትጋርትን የመሰለ ስፍራ የለም።

እንግዲህ ከመካከለኛው ጣቢያ በከተማው ባቡር ጥቂት ደቂቃ ተጕዘህ የኔካርን ወንዝ ተሻገር። ባድ ካንሽታት የምትባለው የማዕድን ውሃ የሚፈልቅባት ሰፈር ይህች ናት። በመናፈሻዋ አጠገብ አንድ ትንሽ የአትክልት ቤት ታገኛለህ፤ አሁን የመታሰቢያ ቤት ሆኗል። ጎትሊብ ዳይምለር በ1882 ወደ ካንሽታት መጥቶ ከባልደረባው ከቪልሄልም ማይባኽ ጋር በዚህ የአትክልት ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሌሊት ሌሊት ብረት ሲቀጠቅጡ የሰማው የአትክልት ሠራተኛ የሐሰት ገንዘብ የሚያትሙ መስሎት ለፖሊስ ተናገረ፤ ፖሊሶቹም ገብተው ቢፈትሹ ያገኙት የሞተር ዕቃ ብቻ ነበር ይባላል።

በ1885 ከዚያ ቤት የወጣው ሞተር አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፤ መልኩ እግረ ረጅሙን የግድግዳ ሰዓት ስለሚመስል «የአያት ሰዓት» የሚል ቅጽል ወጣለት። ጉልበቱ የግማሽ ፈረስ ነው፤ በደቂቃም 600 ጊዜ ይዞራል። ይህ ቍጥር ዛሬ ያስቅ ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን እጅግ ፈጣን ነበር። በኅዳር 1885 የዳይምለር ልጅ ፓውል ይህን ሞተር በተሸከመች ከእንጨት በተሠራች ባለሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ከካንሽታት ወደ ኡንተርቱርክሃይም ነዳ። በሚቀጥለው ዓመት ሞተሩ ፈረስ በሌለበት ሠረገላ ላይ ተገጠመ። በዚያው በ1886 ካርል ቤንዝ ማንሃይም ላይ የባለሦስት ጎማ መኪናውን የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ሮበርት ቦሽም እዚሁ ሽቱትጋርት ላይ ለሞተር የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው መሣሪያ በኋላ ስሙን ያስጠራለትን ትንሽ ሥራ ቤት ከፈተ። አንድ ዓመት ለአንድ አገር ይህን ያህል ሲሰጥ እምብዛም አይታይም።

ከአትክልት ቤቱ ወጥተህ በዚያው በካንሽታት ፕራግ ወደሚባለው ጎዳና ብታመራ የማሌን ኩባንያ ታገኘዋለህ። ጎብኚ ሁሉ ወደ መርሴዲስ ሙዚየም ሲሮጥ ይህን ስፍራ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ነገራችን ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገደማ ድረስ የመኪና ፒስተን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከብረት ነበር። ብረት ይጸናል፤ ነገር ግን ከባድ ነው። ፒስተን ደግሞ ሥራው መሮጥ ብቻ አይደለም፤ ሮጦ መቆም፣ ተመልሶም መሮጥ ነው። በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ከላይ ቆሞ ወደ ታች፣ ከታች ቆሞ ወደ ላይ የሚወረወር ዕቃ ሲከብድ፣ የሚይዙትን ቢዬላና ኮሎ ያደክማል። በ1920 በካንሽታት በነበረው የሄልሙት ሂርት ሥራ ቤት የገባው ሄርማን ማሌ፣ በኋላም የተከተለው ወንድሙ ኤርንስት፣ ፒስተንን ከቀላል ብረት፣ ማለት ከአሉሚኒየም ቅልቅል፣ ለመሥራት ተነሡ። ብዙ ሰው አልሆነላቸውም ሲል ቈየ፤ ሆነላቸው። ወንድማማቾቹ በ1964 ከኩባንያቸው ድርሻ 99.9 ከመቶ የሚሆነውን ለበጎ አድራጎት ድርጅት መስጠታቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም።

አሉሚኒየም ግን አንድ ጠባይ አለው። ሲሞቅ የሚለጠጠው ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። በብረት ሲሊንደር ውስጥ ልክክ ብሎ የገባ የአሉሚኒየም ፒስተን ሞተሩ ሲግል ያብጥና ይነክሳል። ስለዚህ ሠሪው በብርድ ጊዜ ጥቂት ክፍተት መተው አለበት። ፒስተኑንም ፈጽሞ ክብ አያደርገውም፤ በግለት ጊዜ ክብ እንዲሆን በብርድ ጊዜ በጥቂቱ ሞላላ አድርጎ ይሠራዋል። (እጅህ ላይ ይዘህ ብታየው ክብ ነው ብለህ ትምላለህ።) ክፍተቱ ሲኖር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ፒስተኑ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመ ያንኳኳል።

ለምን እንደሚላተም አስተውል። ነዳጁ ፈንድቶ ፒስተኑን ወደ ታች ሲገፋው ቢዬላው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ኮሎው ስለሚዞር ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ባዘነበለ እንጨት ላይ በእጅህ ብትጫን እጅህ ወደ ጎን እንደሚንሸራተት፣ ፒስተኑም ወደ አንደኛው የሲሊንደር ግድግዳ ይገፋል። ሲወጣ በአንደኛው ግድግዳ፣ ተቃጥሎ ሲወርድ በሌላው ይደገፋል ማለት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ከጫፍ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሳቱ ከላዩ ላይ ፈንድቷል። በነፋስ የሚላተም መዝጊያ እንዴት እንደሚጮኽ ታውቃለህ፤ እንዲሁ ነው።

መሐንዲሶቹ ያገኙት ብልሃት ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም እጅግ ያስደንቀኛል። ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር የሚያያይዘውን ፒን ከመካከል ትንሽ ወደ ጎን፣ ግፊቱ ወደሚበረታበት ግድግዳ አስጠጉት። በብዙ ሞተሮች ይህ ፈቀቅታ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት በለው። በዚህች ምክንያት ፒስተኑ እሳቱ ኃይሉን ሳይጨርስ ቀደም ብሎ ዘንበል ይልና ወደ ተረኛው ግድግዳ ቀስ ብሎ ይጠጋል። መዝጊያውን ነፋስ ሳይወስደው በእጅ ይዞ እንደ መዝጋት ነው። አሁን ቀስቲቱ ለምን እንዳስፈለገች ገባህ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ፈቀቅታን ዓይን አይለያትም። ፒስተኑን ወደ ኋላ አዙረህ ብትገጥመው ይገባል፤ ይዞራል፤ ልዩነቱንም አታየውም። ፈቀቅታው ግን በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ይሆንና ድምፁን ሊያጠፋ የታሰበው ነገር ራሱ ድምፁን ያብሰዋል።

ከካንሽታት ተመልሰህ ከመካከለኛው ጣቢያ በስተሰሜን ወዳለው ኮረብታ ብትወጣ ፎየርባኸር የሚባል መንገድ ታገኛለህ። ፀጥ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት የባለጸጎች ሰፈር ነው። ፌርዲናንድ ፖርሸ በዚህ ኮረብታ ቤት ነበረው፤ በ1931 በከተማው መካከል የንድፍ ቢሮ ከፈተ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽም የመጀመሪያዎቹ የቮልስዋገን ናሙናዎች በዚህ ቤት ጋራዥ ውስጥ ተሰናዱ። ቤቱን ከውጭ ብታየው ይበቃሃል። መቼም በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ቮልስ የተወለደችበትን ጋራዥ ደጃፍ ሳይረግጥ ከሽቱትጋርት መመለስ የለበትም።

የቮልስ ታሪክ ንጹሕ ታሪክ አይደለም። ያሠራት የሂትለር መንግሥት ነበር፤ ከ300,000 በላይ ጀርመናውያን በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ገንዘባቸውን አጠራቀሙላት፤ ጦርነቱ መጥቶ አንዳቸውም በቍጠባቸው መኪና ሳያገኙ ቀሩ። በጦርነቱም ጊዜ በዚያ ፋብሪካም፣ በሽቱትጋርት ፋብሪካዎችም፣ ከተወረሩት አገሮች በግድ የመጡ ሰዎች እየተገረፉና እየተራቡ ሠርተዋል። የዛሬዎቹ ሙዚየሞች ይህን በአጭሩ ያነሡታል፤ በእኔ አስተያየት ከሚያነሡት የበለጠ ሊያነሡት ይገባል። ከጦርነቱ በኋላ ግን መኪናዪቱ ለራሷ ሌላ ሕይወት አገኘች። በ2003 የመጨረሻዪቱ ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አዲስ አበባም ከእነዚህ ብዙ ደረሳት፤ ዛሬም ድረስ በዳገቱ ላይ ድምፅዋን ሳታይ የምታውቃት ቮልስ ናት። በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚነዱ የግል ኦቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስትከለክል፣ ያሉትን ሞተሮች ፈትቶ መልሶ የመግጠም ሙያ ዋጋው የቀነሰ ሳይሆን የጨመረ ይመስለኛል።

የቮልስ ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ጋደም ብለው ፊት ለፊት የተኙ ናቸው። ቀስቲቱ በአራቱም ፒስተኖች ላይ ወደ አንድ ነገር ታመለክታለች፤ ይኸውም መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት፣ ከፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ትልቁ ክብ ብረት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው «ፊት» የሚለው ቃል ነው። ሞተሯ ከፊት በሆነች ተራ መኪና ላይ የሠለጠነ ሰው የሞተር ፊት የሚለው ቺንጋው የሚዞርበትን የፑሌጃውን ወገን ነው፤ ቀስትም ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ያመለክታል። ይህ ሰው የቮልስን ሞተር ሲገጥም በልማዱ ቀስቱን ወደ ፑሌጃው ያዞረዋል። ቮልስ ግን ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ቮላኖ ወደ መኪናዪቱ አፍንጫ ይመለከታል፣ ፑሌጃውም ወደ ጅራቷ። አስበህ ካየኸው በሁለቱም መኪናዎች ቀስቱ የሚያመለክተው ወደ መኪናዪቱ ፊት ነው፤ የተለወጠው የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ልማድ ግን ይህን አያስብም።

ሁለተኛው ወጥመድ ለሂሳብ ተማሪ የሚጣፍጥ ነው። በቀኝና በግራ ያሉት ፒስተኖች ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ቀስታቸውም መቃረን አለበት ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። የለበትም። የቀኙን ፒስተን በአሳብህ ይዘህ በኮሎው ዙሪያ ግማሽ ክብ አዙረውና በግራው ስፍራ አስቀምጠው። ላይ የነበረው ጎኑ ታች ሆነ፤ ቀስቱ ግን ከቮላኖው አልተንቀሳቀሰም። ኮሎው የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለ ሆነ የግፊቱም ግድግዳ በአንዱ ወገን ታች ከሆነ በሌላው ወገን ላይ ነው። ስለዚህ ቀስቱ በሁለቱም ወገን ወደ ቮላኖው ሲሆን ፈቀቅታውም በሁለቱም ወገን ወደሚገባው ግድግዳ ይደርሳል። የጫማ ሳጥን ወስደህ፣ በላዩ ቀስት ሥለህ፣ በጠረጴዛ ላይ ሞክረው፤ በአንድ ደቂቃ ታምናለህ።

በቮልስ ላይ ይህን የሳተ ሰው የሚከፍለው ዋጋ መካከለኛ ነው። የፒስተኑ ራስ ለጥ ያለ ስለ ሆነ ከቫልቮላው ጋር አይጋጭም። ሞተሩ ይነሣል፤ ጧት ጧት በብርድ ጊዜ ያንኳኳል፤ ባለቤቱም የኩሽኔታ ድምፅ ነው፣ የቫልቮላ ድምፅ ነው እየተባለ ከጋራዥ ጋራዥ ይመላለሳል። ደሞዙ በልክ የሆነ ሰው እንዲህ ያለው ምልልስ ምን ያህል እንደሚጎዳው ለአንተ አልነግርህም።

አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጹፈንሃውዘን እንሂድ፤ በዚያ ነገሩ ይከብዳል።

ፖርሸ በ1938 ሥራውን ወደዚህ ሰፈር አዛወረ፤ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ኦስትሪያ ሸሽቶ በዚያ በ1948 በስሙ የምትጠራውን የመጀመሪያ መኪና አወጣ፤ በ1950 ወደ ሽቱትጋርት ተመለሰ። በመስከረም 1963 ፍራንክፉርት ላይ የታየችው አዲሲቱ መኪና መጀመሪያ 901 ተብላ ነበር፤ ፔዦ ግን በመካከሉ ዜሮ ያለበት ባለሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለ ተቃወመ 911 ተባለች። ሞተሯ እንደ ቮልስ ከኋላ፣ እንደ ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ እንደ ቮልስም ጋደም ያለ ነው፤ ነገር ግን ስድስት ሲሊንደር አለው፤ ይዘቱም 1991 ኩብ ሴንቲሜትር ነው። በደቂቃ 6100 ጊዜ ሲዞር 130 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በ1972 መጨረሻ የታየችው ካሬራ አር ኤስ 2.7 ደግሞ ጉልበቷ 210 ደረሰ፤ የሲሊንደሯ ስፋት ከ80 ወደ 90 ሚሊሜትር አድጎ ነበር፤ ይህም የተቻለው የሲሊንደሩ ግድግዳ ማሌ ባገኘው ብልሃት በኒኬልና በሲሊኮን ካርባይድ ስለ ተለበጠ ነው። የካንሽታቱ ነገር እዚህም ተከተለን።

6100ን ለስድሳ አካፍለው። በአንዲት ሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ማለት ነው። በዚያች አንዲት ሴኮንድ ውስጥ እያንዳንዱ ቫልቮላ ሃምሳ ጊዜ ያህል ተከፍቶ ይዘጋል። ጢሱ ሊወጣ ሲያበቃና አዲሱ አየር ሊገባ ሲጀምር፣ ማለት ፒስተኑ ከጫፍ ላይ ሲሆን፣ ለቅጽበት ሁለቱም ቫልቮላዎች በጥቂቱ ተከፍተው ይገናኛሉ። በፈጣን ሞተር ውስጥ አየሩ በደንብ እንዲገባ ቫልቮላዎቹ ብዙ ይከፈታሉ፤ ነዳጁም በደንብ እንዲታመቅ የፒስተኑ ራስ እንደ ጕልላት ከፍ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ ቫልቮላና ፒስተን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይተላለፋሉ። እንዳይነካኩ በፒስተኑ ራስ ላይ ለእያንዳንዱ ቫልቮላ ጕድጓድ ይቈፈርለታል። አየር የሚያስገባው ቫልቮላ ከጢስ አውጪው ስለሚሰፋ ጕድጓዱም ይሰፋል። በ911 ላይ አየር የሚገባው ከላይ ነው፤ ጢሱ የሚወጣው ከታች ነው። እንግዲያውስ ሕጉ አጭር ነው፤ ትልቁ ጕድጓድ ወደ ላይ፣ በቀኝም በግራም።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም በል። ከቮልስ የተማርነውን ሕግ አስታውስ፤ ቀስቱ በሁለቱም ወገን ወደ ቮላኖው ነበር። አንድ ዓይነት የሆኑ ስድስት ፒስተኖችን ወስደህ ሁሉንም እንደ ቮልስ በአንድ አቅጣጫ ብትገጥም፣ አሁን በጫማ ሳጥኑ እንዳየነው፣ በአንደኛው ወገን ትልቁ ጕድጓድ ወደ ላይ ከሆነ በሌላው ወደ ታች ይሆናል። ከስድስቱ ሦስቱ ተገለበጡ ማለት ነው። ትልቁ ቫልቮላ ሊገባበት ወደማይችል ትንሽ ጕድጓድ ይወርዳል። ሁለቱ መኪናዎች የአንድ ሰው ዘር ናቸው፤ ሞተሮቻቸውም ወንድማማች ይመስላሉ፤ በአንደኛው ላይ እውነት የሆነው በሌላው ላይ ጥፋት ነው። ቮልስን ሃያ ዓመት የፈታ ባለሙያ ከጀማሪው ይልቅ እዚህ ላይ ቢወድቅ አይገርመኝም፤ ጀማሪው መጽሐፉን ያያል።

ስሕተቱን ማንም ሳያየው ሞተሩ ቢነሣ ምን ይሆናል? ቫልቮላው ይጣመማል፤ ወይም አንገቱ ይቈረጥና ራሱ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ፒስተኑ ይሰነጠቃል፤ ቴስታታው ይበሳል። ክፉው ቀን ከሆነ ቢዬላው የሞተሩን ሆድ ቀዶ ይወጣል። ይህ ሁሉ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃዋል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ሞተሩን ገጥሞ ሳይጨርስ ሕፃናት በሚጫወቱበት በሚለጠፈው ጭቃ መሳይ ነገር፣ በፕላስቲሲን፣ ይለካል። ጥቂት ወስዶ በፒስተኑ ጕድጓድ ላይ ይለጥፋል፤ ቴስታታውን አስሮ ኮሎውን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል፤ አራቱ የሞተር ሥራዎች የሚፈጸሙት በሁለት ዙር ነውና። ከዚያ ፈትቶ ቫልቮላው የተጫነበትን ስፍራ በምላጭ ቈርጦ ውፍረቱን ይለካል። ብዙ ባለሙያዎች በአየር ማስገቢያው በኩል 2 ሚሊሜትር ያህል፣ የበለጠ በሚግለው በጢስ ማውጫው በኩል 2.5 ያህል ክፍተት እንዲኖር ይሻሉ። በእጅ ሲያዞሩት ኮሎው እንቢ ካለ ኃይል መጨመር ክልክል ነው፤ ያን ጊዜ ያገኘኸው እንቅፋት በነጻ የመጣ ምክር ነው።

ሌሎችም አቅጣጫ ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ በፍጥነት ልለፍባቸው። የፒስተን ፋሻዎች ላይና ታች አላቸው፤ ብዙዎቹ ወደ ላይ የሚሆነው ፊታቸው ላይ «ቶፕ» የሚል ቃል ተቀርጾባቸዋል፤ የተቈረጡበትም ስፍራ አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይገጥም ይበተናል። ፒኑ እንዳይወጣ የሚይዙት ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶችም አፋቸው ወደ ፒስተኑ ራስ ወይም ወደ እግሩ ቢሆን ይሻላል፤ ወደ ጎን ከሆነ የፒስተኑ ውርወራ ሊያላቅቃቸው ይችላል። በነዚህ ሞተሮች ላይ ቀለበቱ የሚገባው ፒስተኑ ቢዬላው ላይ ከተሰካ በኋላ ነው፤ ከጣት አምልጣ ወደ ሞተሩ ሆድ ከገባች ሥራው ሁሉ እንደገና ሊፈታ ነው። አስቀድሞ ቀዳዳውን በጨርቅ የደፈነ ሰው ይድናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረታችን እዚህ ቃል በቃል ይፈጸማል።

በውድድር ሰዎች ዘንድ ሌላ ነገር ትሰማለህ። ፒኑ ፈቀቅ ያለበትን የአሜሪካ መኪና ፒስተን ሆን ብለው ወደ ኋላ አዙረው የሚገጥሙ ነበሩ፤ መሻሻቱ ይቀንሳል፣ ጥቂት ጉልበትም ይገኛል፣ ድምፁን የሚሰማው የለም ብለው። ይህ የሚቻለው ጕድጓዱ በሁለቱም ወገን በሚስማማ ፒስተን ላይ ብቻ ነው። ለውድድር ተብለው ተቀጥቅጠው የሚሠሩ ብዙ ፒስተኖች ደግሞ ፒናቸው በትክክል ከመካከል ነው፤ ቀስቱ በነዚህ ላይ የሚናገረው ስለ ጕድጓዱ ብቻ ነው። ለማንኛውም ሕግን ምክንያቱን ዐውቆ የሚያፈርስ ሰውና ሳያውቅ የሚያፈርስ ሰው ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ሞተሩ ግን ይለያቸዋል።

ጹፈንሃውዘን ራሱ ለዓይን ብዙ የለውም። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ግንቡ የፋብሪካ ግንብ ነው፤ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ሠራተኛው ወደ ባቡሩ ይጎርፋል። ከ2019 ጀምሮ ፒስተን የሚባል ነገር የሌላት፣ በኤሌክትሪክ የምትሄደው ታይካንም እዚሁ ትሠራለች። በ2009 የተከፈተው ሙዚየም ግን ከሁሉ ጎልቶ ይታያል፤ ትልቅ ነጭ ሕንጻ በሦስት ምሰሶዎች ላይ ብቻ ተነሥቶ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። በካንሽታት በኩል ያለው፣ በ2006 የተሠራው የመርሴዲስ ሙዚየም በታሪክ ይበልጠዋል፤ እዚያ በአሳንሰር ወደ ላይ ትወጣና እየተጠማዘዝህ ከ1886 ወደ ዛሬ ትወርዳለህ። አንድ ቀን ብቻ ካለህና የምትወደው ሞተር ከሆነ፣ እኔ ጹፈንሃውዘንን እመርጥልሃለሁ። ምክንያቱም መኪናዎቹ አይደሉም፤ ከታችኛው ፎቅ ያለው የሙዚየሙ ጋራዥ ነው። ግድግዳው መስተዋት ስለ ሆነ ሠራተኞቹ አሮጌዎቹን መኪናዎች ሲያድሱ ቆመህ ታያለህ።

ከመካከለኛው ጣቢያ ቍጥር 6 የከተማ ባቡር ተሳፍረህ ኖይቪርትስሃውስ በሚባለው ጣቢያ ውረድ፤ ከሙዚየሙ ደጃፍ ያደርስሃል። የተፈታ ሞተር የሚገኝበት ቀን ከገጠመህ ከመስተዋቱ ሳትርቅ ፒስተኖቹን ፈልግና ትልቁ ጕድጓድ በየትኛው ወገን እንዳለ ተመልከት። ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው።